አሮጌ የአናጺ ጠረጴዛ ገበታ ሲያጥር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎጃም ከደረሱን ጥያቄዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ከተዘጋ ወይም ዕቃውን ከቀየረ የእንጨት ሥራ ቤት የወጣ ወፍራም የጠረጴዛ ገበታ ገዝቶ ለራስ ቦታ በልክ ማሳጠር ነው። ዋንዛ በዚህ ውፍረት ዛሬ እንደ ልብ አይገኝም፤ እንዲህ ያለ ገበታ እጁ የገባ ሰው ዕድለኛ ነው። የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ሰፋ አድርገነዋል፤ ከሱ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ ጥያቄዎች እዚያ ላይ የተባለውን መሠረት ያደርጋሉ።

ጥያቄ፦ ከሥራ ቤት የወጣ የአናጺ ጠረጴዛ ገበታ ገዛሁ። ርዝመቱ 2 ሜትር ከ60፣ ስፋቱ 75 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 9 ሴንቲ ሜትር ነው። ሻጩ ዋንዛ ነው ብሎኛል። ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ ወደ 1 ሜትር ከ50 ላሳጥረው አስቤያለሁ። ያለኝ የእጅ መጋዝና ባለ 185 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሰርኩላር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክብ መጋዝ) ነው፤ ዲስኩ ግን ውፍረቱን አያልፈውም። ገበታው ትንሽ ተጣሟል። መላጉ ይቅደም ወይስ መቁረጡ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መቁረጡ ይቅደም። ገበታው ከጫፍ እስከ ጫፍ 12 ሚሊ ሜትር ተጠምዝዟል እንበል። ሙሉውን 2 ሜትር ከ60 ይዘው ሊያቃኑት ቢነሡ ያን ሁሉ ጥምዝ በመላጊያ ማውረድ ይኖርብዎታል። ወደ 1 ሜትር ከ50 ካጠረ በኋላ ግን የሚቀረው ጥምዝ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ሌላው ከቁራጩ ጋር አብሮ ይሄዳል። 5 ሚሊ ሜትር የሚያህል ደህና እንጨትና የአንድ ቀን ድካም ተረፈ ማለት ነው።

ከመቁረጥዎ በፊት እንጨቱ በእርግጥ ዋንዛ መሆኑን ክብደቱ ይንገርዎት። የገበታዎ ይዘት 0.1755 ኪዩቢክ ሜትር ነው። የደረቀ ዋንዛ በኪዩቢክ ሜትር ከ400 እስከ 600 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ገበታው ከ70 እስከ 105 ኪሎ መሆን አለበት፤ ሁለት ጠንካራ ሰዎች ያነሡታል። ወይራ ቢሆን ኖሮ ከ150 ኪሎ ያልፍ ነበር። ከባድ ሆኖ ካገኙት ባሕር ዛፍ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ሊሆን ይችላል። ያኔም አሠራሩ ያው ነው፤ መጋዙን ግን ቀስ ብለው ይገፋሉ፣ ዲስኩንም ቶሎ ቶሎ ያሳርፋሉ።

ቀጥሎ ብረት ይፈልጉ። የሥራ ጠረጴዛ ሲኖር ሚስማር ሲበላ የኖረ ነው፤ ጭንቅላቱ የተቆረጠ ሚስማር ከላይ አይታይም። ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር አንጠልጥለው ከገጹ በላይ የጣት ውፍረት በማይሞላ ከፍታ ቀስ እያሉ ያሳልፉት። ብረት ያለበት ቦታ ላይ ሲደርስ ማግኔቱ ዘንበል ይላል ወይም ይሳባል። ማግኔቱ የሚደርሰው ላይኛው 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ድረስ ብቻ ነው፤ ናስንም አያገኝም። ስለዚህ ዓይንዎንም ይጠቀሙ። እንጨቱ ላይ እንደ ሳንቲም የከበበ ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁር ነጠብጣብ ካዩ ከሥሩ ብረት አለ ወይም ነበር፤ እንጨቱ ውስጥ ያለው ታኒን ከብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ጥቁረት ነው። የገበታውን ጎኖችም ይዳብሱ። ክብ የእንጨት ውታፍ ካለ ከኋላው ዳዶ ሊኖር ይችላል፤ ከብዙ ቁርጥራጭ ተጣብቆ የተሠራ ገበታ አንዳንዴ በስፋቱ የሚያልፍ ረጅም የብረት ዘንግ አለው። መቁረጫ መስመርዎ ከዘንጉ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ይራቅ።

የት ይቆረጥ? ብዙ ሰው ከአንዱ ጫፍ 1 ሜትር ከ50 ለክቶ ይቆርጣል። ይህ ስሕተት ነው፤ አሮጌው ጫፍ ስንጥቅ አለበት፣ ስንጥቁም ከላይ ከሚታየው ይረዝማል። የስንጥቁን መጨረሻ ለማግኘት ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ያብሱት። ገጹ ሲደርቅ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ውሃ ዘግይቶ ስለሚደርቅ እንደ ጥቁር ክር ጎልቶ ይታያል። እዚያ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ጨምረው ይጣሉት። በእርስዎ ገበታ ለጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ቢመድቡ፣ 1 ሜትር ከ50 ቢያወጡ፣ መጋዙም በሁለት ቁርጥ 3፣ 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ 99 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይተርፍዎታል። ለትንሽ ጠረጴዛ የሚበቃ እንጨት ነውና የሞርሳው (ሥራን ጨምቆ የሚይዘው መሣሪያ) ቀዳዳዎችና የተበላው ክፍል በየትኛው ወገን ቢቀሩ እንደሚሻል ከምልክቱ በፊት ያስቡበት።

ምልክት ሲያደርጉ የገበታውን አሮጌ ጫፍ መነሻ አያድርጉት፤ ቀጥ ያለ አይደለም። ከሁለቱ ረጃጅም ጎኖች የተሻለውን ይምረጡና በረጅም ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ ይፈትሹት፤ ጉብታ ካለው በመላጊያ ያውርዱለት። መነሻዎ ይህ ጎን ብቻ ነው። ትንሿ ስኳድራ (የቀጥታ ማዕዘን መለኪያ) በ75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ስለምታሳስት በ60፣ በ80 እና በ100 ያረጋግጡ፤ በጎኑ ላይ 80 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመሩ ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ለክተው ሁለቱን ነጥቦች የሚያገናኘው ማዕዘን አቋራጭ ልክ 100 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በስለታም ሴንጢ ያስምሩ። የእርሳስ መስመር ውፍረት አለው፤ የሴንጢ መስመር ግን የላይኛውን ቃጫ ስለሚበጥስ መጋዙ ሲወጣ እንጨቱ አይፈነጠርም። ከላይኛው ገጽ ወደ ጎኑ፣ ከጎኑ ወደ ታችኛው ገጽ፣ ከዚያ ወደ ሌላኛው ጎን እያዞሩ ያስምሩ። ዙሩን ጨርሰው ሲመለሱ መስመሩ ከተነሣበት ጋር ካልገጠመ እንደገና ይለኩ፤ ሳይገጥም መጋዝ አያንሡ። ከዚያ የሚጣለው ወገን ላይ ትልቅ ኤክስ ይጻፉበት፤ በሁለቱም ገጽ ላይ።

ገበታውን በአራት ካቫሌቶ (ባለ እግር የሥራ መደገፊያ) ወይም በአራት ወፍራም ሞራሌ ላይ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ከመቁረጫው መስመር ግራና ቀኝ በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁለቱ ወደ ጫፎቹ። አራቱም እኩል ከፍታ ይኑራቸው፤ በውሃ ልክ ይፈትሹ። ተቆርጦ የሚለየው ክፍል ሲለይ በቦታው ተኝቶ መቅረት አለበት። መንጠልጠል የለበትም፤ ከተንጠለጠለ መጨረሻ ላይ በራሱ ክብደት ተሰብሮ ከሚፈልጉት ክፍል ጭምር ረጅም ስንጣሪ ነቅሎ ይሄዳል።

አሁን ቁርጡ። ባለ 185 ዲስክ ሰርኩላር ቢበዛ 65 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይቆርጣል፤ 90 ሚሊ ሜትሩን በአንድ ጊዜ አይጨርሰውም። ከላይ 46፣ ከታች 46 አድርጎ ማገናኘት ይቻላል፤ ብዙዎችም እንደዚያ ያደርጋሉ። እኛ የምንመክረው ግን ሌላ ነው። ከላይ 40፣ ገልብጠው ከታች 40 ሚሊ ሜትር በሰርኩላሩ ይክፈቱና መካከል የቀረችውን 10 ሚሊ ሜትር በእጅ መጋዝ ይጨርሱ። ሰርኩላሩ የከፈተው መንገድ የእጅ መጋዙን ግራና ቀኝ ስለሚይዘው መጋዙ አይስትም። ከሁሉም በላይ ግን ከባዱ ቁራጭ በሚለይበት በዚያ አደገኛ ቅጽበት የሚሽከረከር ዲስክ እንጨቱ ውስጥ አይኖርም።

ዲስኩ 40 ጥርስ ያለው ይሁን፤ ባለ 24 ጥርሱ ቶሎ ይቆርጣል እንጂ ጠርዙን ያቃጫዋል። 40 ሚሊ ሜትሩንም በሁለት ዙር ያውርዱት፤ መጀመሪያ 20፣ ቀጥሎ 40። ለሰርኩላሩ መምሪያ የሚሆን ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለት ማጥበቂያ ጠፍሩ። ዘንጉ ከመስመሩ ምን ያህል እንደሚርቅ በመጽሐፍ ልክ አይወሰንም፤ ቁራጭ እንጨት ላይ ሞክረው ከሰርኩላሩ ወለል (እንጨቱ ላይ ከሚያርፈው ጠፍጣፋ ብረት) ጠርዝ እስከ ዲስኩ ጥርስ ያለውን ይለኩ። ዲስኩ ሙሉ በሙሉ በኤክሱ ወገን ይሂድ። የመጨረሻውን ጠርዝ ሲወጣ እንዳይፈነጠር ከጎኑ ላይ ቁራጭ ጣውላ አጥብቀው ያስሩበት።

እንደ ተቆረጠ ወዲያውኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ አዲሱን አፍ ይድፈኑት። እንጨት ከገጹ ይልቅ በተቆረጠው አፉ በብዙ እጥፍ ፈጥኖ ይደርቃል፤ ጫፉ ቀድሞ ሲሸበሸብ ውስጡ አብሮት ስለማይሄድ ይሰነጠቃል። የቀለጠ ሰም ወይም በውሃ የቀጠነ የእንጨት ኮላ ሁለት ጊዜ ቢቀቡት ይበቃል። ከዚያ ገበታውን ወደሚቀመጥበት ክፍል አስገብተው ከሥሩ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸው ርብራቦች አድርገው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያቆዩት።

መላጉ ከዚያ በኋላ ነው። እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች ላይ አጋድመው በአንደኛው ላይ ሌላኛውን አሻግረው ይመልከቱ፤ የትኛው ማዕዘን እንደተነሣ ወዲያው ይታያል። ከፍ ካለው ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ከፍ ያለ ማዕዘን በሰያፍ ይላጉ፣ ሁለቱ ዘንጎች ትይዩ ሲሆኑ ብቻ ቃጫውን ተከትለው ይጨርሱ። የታችኛውን ገጽ ሁሉ ማስተካከል አያስፈልግም፤ እግር የሚያርፍበት ቦታ ከተስተካከለ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ወፍራም ገበታ ከሁለት ወገን በሰርኩላር ቆረጥሁ። መጀመሪያ ዲስኩ መካከል ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ ጭስ ወጣ። ሌላ ጊዜ ሞክሬ ጨረስሁት፤ ግን ሁለቱ ቁርጦች የተገናኙበት ቦታ ላይ 3 ሚሊ ሜትር እርከን አለ። ስሕተቴ የት ላይ ነው? (ከቡሬ)

መልስ፦ እርከኑ ራሱ መልሱን ይዟል። 3 ሚሊ ሜትር የዲስክዎ ጥርስ ውፍረት ነው። በመጀመሪያው ገጽ ዲስኩ ከመስመሩ በአንድ ወገን ሄዷል፤ ሲገለብጡት ግራ ቀኝ ሆነና በሌላው ወገን ሄደ። መስመሩ አልተሳሳተም፣ ልኬትዎም አልተሳሳተም። የሚጣለውን ወገን በሁለቱም ገጽ ላይ ኤክስ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የቀረውን እርከን በሰርኩላር ለመላጨት አይሞክሩ፤ ስለታም መላጊያ ይዘው ከሁለቱ ጠርዞች ወደ መካከል ይላጉት። ከአንድ ወገን ብቻ ገፍተው ቢያወጡት የወዲያኛው ጠርዝ ይፈነጠራል። አፉን በእርጥብ ጨርቅ ትንሽ ቢያርሱት ቃጫው ስለሚለሰልስ መላጊያው ይቀልለዋል።

እርከኑ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ዲስኩ ከወለሉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን አልሠራም ማለት ነው። አንዲት ዲግሪ ማዘንበል በ40 ሚሊ ሜትር ጥልቀት 0.7 ሚሊ ሜትር ታስታለች። የሰርኩላሩ የራሱ ምልክት አይታመን፤ ሶኬቱን ነቅለው ስኳድራ በወለሉና በዲስኩ መካከል ያስገቡ፣ ስኳድራው ጥርስ ላይ እንዳያርፍ ይጠንቀቁ።

ዲስኩ የተጣበቀው ገበታውን በሁለት ጫፎቹ ብቻ ስላስደገፉት ነው። መካከሉ በክብደቱ ይረግባል፣ ላይኛው ገጽ ይጠጋጋል፣ የመጋዙ መንገድም ዲስኩን እንደ መንጋጋ ይይዘዋል። ሰርኩላር ሲያዝ ወደ ኋላ ወደ ሰውየው ይዘላል፤ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ነው። ድጋፎቹን ወደ መስመሩ ያቅርቡ፤ ዲስኩ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ካለፈ በኋላ መሣሪያውን አጥፍተው ከኋላው በተከፈተው መንገድ ቀጭን የእንጨት ሽብልቅ ያስገቡ። ሽብልቁ መንገዱን እንዳይዘጋ መያዝ ብቻ ነው ያለበት፤ በመዶሻ ጠልቆ ከገባ ይሰነጥቃል። ራስዎ ከዲስኩ ቀጥታ ኋላ አይቁሙ፤ ወደ ጎን ይበሉ።

ስለ ጭሱ አንድ ነገር እንጨምር። ረጅምና ቀጭን የኤሌክትሪክ ገመድ ኃይሉን ይበላዋል፤ ሞተሩ ይደክማል፣ ዲስኩ ይዘገያል፣ እንጨቱ ይቃጠላል። ከ20 ሜትር በላይ የሚዘረጋ ገመድ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን። የተጠቀለለውንም ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ እየሠራ ያለ ገመድ ይግላል።

ጥያቄ፦ ሰርኩላር የለኝም። ግራይንደር ላይ የእንጨት ዲስክ አስሬ ብቆርጠውስ? (ከሞጣ)

መልስ፦ አያድርጉት። ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11000 ዙር ይሽከረከራል፤ ባለ 185 ሰርኩላር ግን ብዙውን ጊዜ ከ5000 እስከ 6000 ዙር ነው። ግራይንደሩ የእንጨት ዲስክን የሚሸፍን መከለያ የለውም፣ እንጨቱ ላይ የሚያርፍ ወለልም የለውም። ጥርሱ ቋጠሮ ወይም ሚስማር ሲነካ መሣሪያው ከእጅ ያመልጣል፤ የሚመጣውም ወደ ጭን ወይም ወደ ፊት ነው። ይህ በየሥራ ቤቱ የተለመደ መሆኑ አደጋውን አይቀንሰውም።

በእጅ መጋዝ ይሠራል። በኢንች 7 ወይም 8 ጥርስ ያለው፣ ቃጫ አቋርጦ ለመቁረጥ የተሳለ መጋዝ ይፈልጉ። ጥርሱ በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ የተሳለ፣ ግራና ቀኝም እኩል የተዘነበለ ይሁን። ወደ አንድ ወገን የበለጠ ያዘነበለ መጋዝ በ75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ወደዚያው ወገን ይጎትትዎታል፤ ሰው ግን እጁን ይወቅሳል። ሰም ወይም ሻማ በመጋዙ ጎን ላይ ቢቀቡ ይቀልላል። ከአንዱ ማዕዘን ጀምረው በሁለቱ መስመሮች ላይ፣ ማለትም ከላይ ባለውና ወደ እርስዎ ባለው ጎን፣ ዓይንዎን ጥለው በሰያፍ ይውረዱ፤ ከዚያ ዞረው በሌላው ማዕዘን ይጀምሩ። ሁለቱ ሰያፎች ሲገናኙ የቀረው ሦስት ማዕዘን በቀላሉ ይወጣል። ረጅም ቁርጥ ነው፤ እያረፉ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ የእኔ ገበታ ርዝመቱ ደህና ነው፤ ስፋቱን ከ75 ወደ 55 ሴንቲ ሜትር ማጥበብ እፈልጋለሁ። እግሩን ከአንጎላሬ (በማዕዘን የታጠፈ) ብረት ላስበይድ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ የሠራሁት ጠረጴዛ በበጋ መካከሉ ላይ ተሰነጠቀ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ለማጥበብ በርዝመቱ ሲቆርጡ በስፋቱ ያለፉትን የብረት ዘንጎች በሙሉ ያገኟቸዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ዘንጎቹ ይውጡ። የጎኑን ውታፎች በመሮ አንሥተው ዳዶውን ይፍቱ፤ የዛገ ከሆነ ዝገት ማስለቀቂያ ነፍተው አንድ ቀን ያቆዩት። ዘንጉ ከአንድ ወገን በመዶሻ ተመትቶ መውጣት አለበት፤ ክሩ እንዳይጎዳ ጫፉ ላይ አሮጌ ዳዶ አስገብተው ይምቱ። አልወጣም ካለ ገበታው በርዝመቱ አይቆረጥም፤ 75 ሴንቲ ሜትሩን ተቀብለው ቢኖሩ ይሻላል። ከወጣ ግን ገበታውን ካጠበቡ በኋላ ዘንጉን በብረት መጋዝ አሳጥረው መልሰው ያስገቡት።

20 ሴንቲ ሜትሩን ከአንድ ወገን ብቻ ይቁረጡ፤ ከቅርፊቱ ሥር የነበረው ነጣ ያለው እንጨት በየትኛው ጎን እንደሚበዛ አይተው ያንን ይምረጡ። ብል የሚበላው እሱን ነው። ቀዳዳ ካለ ከሥሩ ጥቁር ላስቲክ አንጥፈው ለአንድ ሳምንት ያቆዩት፤ አዲስ ዱቄት ከወረደ ብሉ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን ክፍል ወደ ቤት አያስገቡት።

ስንጥቁን ያመጣው ብረቱ ነው። እንጨት በርዝመቱ አይለወጥም ማለት ይቻላል፤ በስፋቱ ግን ሁልጊዜ ይንቀሳቀሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ እርጥበት ጠጥቶ ይሰፋል፣ በጋ ሲገባ ይጠባል። የእንጨቱ እርጥበት በ1 በመቶ ሲለወጥ ስፋቱ ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ይለወጣል ብለው ያስሉ። ከክረምት ወደ በጋ ለውጡ 4 በመቶ ቢሆን 55 ሴንቲ ሜትሩ ከ4 ተኩል እስከ 6 ተኩል ሚሊ ሜትር ይጠባል። አንጎላሬው ደግሞ ንቅንቅ አይልም። በክረምት ከፊትና ከኋላ ጠብቆ የታሰረ ገበታ በበጋ መጥበብ ሲፈልግ የሚከለክለው ስላለ ደካማው ቦታ ላይ ይከፈላል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ብየዳው ከመጀመሩ በፊት ለበያጁ ይንገሩት። ከፊት ለፊት ያሉት የብረቱ ቀዳዳዎች ክብ ይሁኑ፤ ለባለ 8 ቡሎን 9 ሚሊ ሜትር። የኋላዎቹ ግን በገበታው ስፋት አቅጣጫ የተዘረጉ፣ ወርዳቸው 9 ርዝመታቸው 20 ሚሊ ሜትር ይሁኑ። በሰፊ ሮንዴላ አድርገው ያጥብቁ፤ የኋላውን እስኪያፋጭ ሳይሆን ሮንዴላው በጣት ኃይል እምቢ እስኪል ብቻ። ቡሎኑም የኋላው ቀዳዳ መካከል ላይ ይቁም፤ በክረምት የሚያስሩት ከሆነ ገበታው ሰፍቷልና ለመጥበቢያ ቦታ ይተዉለት።

ጥያቄ፦ ገበታው ላይ 20 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክብ ቀዳዳዎችና ብዙ የሚስማር ጥቁረት አለ። በስቱኮ ብሞላው ይበቃል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለሚስማር ቀዳዳ ስቱኮ ይበቃል። ለ20 ሚሊ ሜትሩ አይበቃም፤ እንጨቱ ሲሰፋና ሲጠብ ስቱኮው አብሮት ስለማይሄድ ዙሪያውን ይለቅቅና ይወድቃል። ከተቆረጠው ቁራጭ ውታፍ ያውጡ። ከበትር እንደሚወጣ ድቡልቡል ሳይሆን የውታፉ ቃጫ በገበታው ቃጫ አቅጣጫ የሚተኛ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ አፉ ወደ ላይ ሆኖ ዘይት ሲጠጣ እንደ ጥቁር ዓይን ያፈጥጣል። 15 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል፤ ከሥሩ ያለው ቀዳዳ ባዶ ቢቀር ምንም አይደለም። ጎኑን ኮላ ቀብተው ያስገቡት፣ 2 ሚሊ ሜትር ከገጹ በላይ ይቅር፣ በማግስቱ በስለታም መሮ ያስተካክሉት። ቀን ሞቃት በሆነበት ባሕር ዳር ኮላው አያስቸግርም፤ በጮቄ ሥር ላሉ አንባቢዎች ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ነጩን ኮላ እንደ ኖራ ዱቄት አድርጎ ያስቀረዋል። ከ10 ዲግሪ በታች አይጣበቅምና ጠዋት አጣብቀው ፀሐይ በሚያገኘው ክፍል ያቆዩት።

ጥቁረቱን ለማንሣት መጀመሪያ ብረቱ ይውጣ፤ ብረቱ ካለ ጥቁረቱ ይመለሳል። ቀለል ላለው የሎሚ ጭማቂ ቀብተው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል አቆይተው፣ በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁት፤ አስፈላጊ ከሆነ ይድገሙት። ጠልቆ የገባውን ኦክሳሊክ አሲድ ያነሣዋል፤ መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርገው ይሥሩ፣ በሚገባም ያጥቡት፣ ከደረቀ በኋላ ሲፈትጉት አቧራውን አይሳቡት።

ጥያቄ፦ የተልባ ዘይትና ሰም ለገበታ ይሆናል ይባላል። መጠኑ ስንት ነው? የኑግ ዘይትስ? (ከቢቸና)

መልስ፦ ይሆናል፤ ለአካባቢያችን ከዚህ የተሻለ ማግኘት ይከብዳል። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ሲገናኝ ይጠነክራል፤ ሰሙ ውሃውን ይመልሳል። 500 ግራም ዘይት ለ100 ግራም ንጹሕ ሰም። ሰሙን በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ ትንሽ ዕቃ አስቀምጠው ያቅልጡ፣ ዘይቱን ጨምረው ያማስሉ፣ ያውርዱ። መጀመሪያ ግን ዘይቱን ብቻውን በጣም ስስ አድርገው ሁለት ጊዜ ይቀቡ፤ ከቀቡ ከ20 ደቂቃ በኋላ ያልገባውን በደረቅ ጨርቅ ያንሡ። ሳይነሣ የቀረ ዘይት ተጣባቂ ቆዳ ይሆናል፤ አቧራ ይሰበስባል። ያልፈላ የተልባ ዘይት በእያንዳንዱ ቅብ መካከል ከ3 እስከ 7 ቀን ይፈልጋል። የሰሙ ቅልቅል የመጨረሻው ቅብ ነው።

የኑግ ዘይትም ይደርቃል፤ ነገር ግን ከተልባ በጣም ዘግይቶ፤ በክረምት ሳምንታት ሊቆይብዎት ይችላል። የፓልም ዘይት ከቶ አይደርቅም፤ ቆይቶ ይሸታል።

ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ላይ ከተጣለ በራሱ ይሞቃል፤ ሰጋቱራ ባለበት ሥራ ቤት ውስጥ ያለ ክብሪት እሳት ይነሣል። ይህ በትክክል የሚሆን ነገር ነው። ጨርቁን ውጪ ሳይደራረብ ዘርግተው ያስጡት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ጥያቄ፦ ከተቆረጠው የተረፈውን ለሥጋ መክተፊያ ማድረግ ይቻላል? ሌላው ቁራጭ ወይራ ነው፤ ለጋን ማጠኛ ብንጠቀምበትስ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ገበታው ምን ሲሠራበት እንደኖረ ይወስነዋል። የሞተር ዘይት የጠጣ እንጨት ለምግብ አይሆንም፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢላግም ዘይቱ ጠልቆ ገብቷል። ለመፈተሽ አዲስ የተቆረጠውን አፍ በጥልቀት ይመልከቱ፤ ከገጹ ወደ ውስጥ የጠቆረ ድንበር ካለና ውሃ ሲንጠባጠብበት ሳይገባ ተንከባሎ ከቆመ ዘይት አለው። ንጹሕ ሆኖ ካገኙት 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው መክተፊያ ያውጡ፤ በሁለቱም ገጽ ላይ እኩል የተልባ ዘይት ይቀቡ፣ ለአንድ ወር ያድርቁት፣ ከዚያ ይጠቀሙበት። አንዱን ገጽ ብቻ ከቀቡ ይጎብጣል። ዋንዛ ለቀላል መክተፍ ይሆናል፤ አጥንት ለሚሰበርበት ግን ወይራ ይሻላል።

የወይራው ቁራጭ ቀለም፣ ቫርኒሽ፣ ኮላና ዘይት ያልነካው ከሆነ ለጋንም ለወተት ዕቃም ማጠኛ ይሆናል። በጣት ውፍረት ፍለጡት። ኮላ የታየበትን፣ ከሁለት ቁራጭ የተጣበቀውን ግን ለማጠኛ አይጠቀሙ፤ ጢሱ ዕቃው ላይ ይቀራል፣ ከዕቃው ወደ ወተቱና ወደ ጠላው ይገባል። ያንን ለመሮና ለመላጊያ እጀታ ያስቀምጡት፤ ወይራ ለእጀታ ጥሩ ነው።